ልጅዎ «ፊልም ልማር ነው» ብትልዎ

ውድ አንባቢ፣ ልጅዎ ከሠራዊት ወጥታ፣ አንድ ዓመት በአስተናጋጅነት ሠርታ ገንዘብ አጠራቅማ፣ ዓርብ ማታ ሰንበት ከገባ በኋላ ማዕድ ላይ «አባ፣ ፊልም ልማር ነው» ብትልዎ ምን ይመልሱላታል? እኔ ያልሁትን ልንገርዎ። «ፊልም ያዩታል እንጂ ይማሩታል እንዴ?» አልኋት። ባለቤቴ ሳቀች፤ ልጄ ግን አልሳቀችም።

እኔ መምህር ነኝ። ወላጆች መጥተው «ሞሬ፣ ልጁ ምን ቢማር ይሻለዋል?» ሲሉኝ ለብዙ ዓመት መልሴ አንድ ነበር፦ ነርስነት፣ ኮምፒዩተር፣ ምሕንድስና። ያለ ምክንያት አልነበረም። በሱዳን በኩል የመጣነው ሰዎች የደረስነው ባዶ እጃችንን ነው። ልጆቻችን የወር ደመወዝ ያለው፣ ማንም የማይነቀንቃቸው ሥራ እንዲይዙ ፈለግን። ፊልም የሚባለው ነገር የሀብታም ልጅ ጨዋታ ይመስለን ነበር። በዚያ ላይ በቴሌቪዥን የምናየው የእኛ ሰው ወይ ከአውሮፕላን ወርዶ መሬት ሲስም ነው፣ ወይ ሰላማዊ ሰልፍ ላይ ከፖሊስ ጋር ሲታገል ነው። በመካከሉ ያለው አርባ ዓመት የለም። ልጄም ክርክሯን የጀመረችው ከዚሁ ነበር። «አባ፣ እስከ ዛሬ ካሜራውን የያዘው ማን ስለሆነ ይመስልሃል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ከራሴ ይልቅ ያሳሰበኝ አባቴ ነበሩ። አባቴ ቄስ ናቸው። ልጅ ሳለሁ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ፊደል የቆጠርሁ፣ የግዕዙን ጸሎት በቃሌ የያዝሁ ሰው ነኝ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። በአማርኛችን ደግሞ ፊልም ማንሳትም ጣዖት መሥራትም ቃላቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም «መቅረጽ» ይባላሉ። ኦሪት የተቀረጸ ምስልን በምን ዓይን እንደሚያይ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ታዲያ «የልጅ ልጅዎ ምስል መቅረጽ ልትማር ነው» ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ሳምንት ሙሉ ሳሰላስል ቆይቼ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «የሚቀረጸው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሰው ነው አባቴ። ሰው ሲናገር፣ ሲሠራ።»

«ይሰግዱለታል?»

«ኧረ አይሰግዱለትም። ያዩታል እንጂ።»

«እንግዲያማ አንተን ምን አስፈራህ?» አሉኝ። እኔ ለሳምንት የተሸከምሁትን በአንድ አፍ አወረዱት።

አሁን ስለ ትምህርት ቤቱ ልንገርዎ፤ ብዙ ወላጅ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነውና። መንግሥት ገንዘብ መድቦ ፊልም የሚያስተምርበት ቤት መክፈት አዲስ ነገር አይደለም። ሞስኮ ላይ በ1919 ተከፍቷል፤ የፕራጉ በ1946 ተከተለ። መንግሥታት ይህን ያደረጉት ለፊልም ፍቅር ብቻ ብለው አይደለም። አገር ራሱን የሚያይበትን መስተዋት ሌላ እንዲሠራለት አይፈልግም። በእስራኤል የመጀመሪያው ብሔራዊ የፊልምና የቴሌቪዥን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1989 ኢየሩሳሌም ውስጥ ነው። ያቋቋሙት የትምህርትና የባህል ሚኒስቴርና የኢየሩሳሌም ፋውንዴሽን ናቸው። ፊልም ሠሪው ረነን ሾር ከመጀመሪያው አንሥቶ እስከ 2019 ድረስ መራው። በ1996 ደግሞ ከሳም ሽፒግል ውርስ በተገኘ እርዳታ ምክንያት ትምህርት ቤቱ በሰውየው ስም ተሰየመ። ሽፒግል ጋሊሲያ ውስጥ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ ሆሊውድ ገብቶ «የክዋይ ወንዝ ድልድይ»ንና «ሎረንስ ኦፍ አረቢያ»ን ያሠራ፣ ለምርጥ ፊልም የሚሰጠውን ኦስካር ሦስት ጊዜ የወሰደ ፕሮዲዩሰር ነበር።

እዚያ ተምረው የወጡትን ስም ስሰማ እኔም አፌን ያዝሁ። በ2019 በርሊን ላይ ወርቃማውን ድብ በ«ሲኖኒምስ» ያሸነፈው ናዳቭ ላፒድ ከዚያ ነው። «አፌስ በያሐሴይ ኤኖሽ»ን የሠራችው ታልያ ላቪ ከዚያ ናት። ሃይማኖት ለሚጠብቁ ቤተሰቦች ደግሞ ራማ ቡርሽታይንን እጠቅሳለሁ። እሷም እዚያ የተማረች ናት፤ ወደ ሃሬዲ ሕይወት ገባች፤ ከዓመታት በኋላ በ2012 ስለ አንድ የሐሲዲም ቤተሰብ የሠራችው ፊልም ለመሪ ተዋናይቷ የቬኒስን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አስገኘላት። ካሜራ ከኪፓና ከሻሽ ጋር አይጣላም ለማለት ነው።

ከእኛም አሉ። ዓለምወርቅ ዳቪድያን አዲስ አበባ ያደገች፣ በ11 ዓመቷ ወደዚህ የመጣች ልጅ ናት። ኢየሩሳሌም ካለው ከዚሁ ትምህርት ቤት ተመርቃ በ2018 «የበለስ ዛፍ» የተባለውን ፊልም ሠራች። ታሪኩ በ1989 ነው፤ አዲስ አበባ ጦርነት ላይ ናት፣ ወጣቶች ለውትድርና ይታፈሳሉ፣ አንዲት የእኛ ልጅ ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ሊወጣ እየተዘጋጀ የምትወደውን ክርስቲያን ልጅ ከአፈሳ ለማዳን ትታገላለች። ፊልሙ ቶሮንቶ ላይ የሴት ዳይሬክተሮች ሽልማት አገኘ። ባዚ ጌጤም አለ፤ በ2014 «ቀይ ቅጠሎች»ን ሠራ። መሪ ተዋናዩ አንጋፋው ደበበ እሸቱ ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ቤቱን ሸጦ በልጆቹ ቤት ተራ በተራ ሊኖር ሲነሣ ያያሉ። ያላዩት ካሉ ብቻዎን አይዩት፣ ከልጆችዎ ጋር ይዩት፤ እኔ ካየሁ በኋላ ለሁለት ቀን ከልጆቼ ጋር በትሕትና ነው የተነጋገርሁት። ከሁሉም በፊት በ2008 «ዝሩባቤል»ን የሠራ ሽሙኤል በሩ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ልጅ ካሜራ ይዞ ሰፈሩን እየዞረ ይቀርጻል። ልጄ ያን ፊልም ያየችው በልጅነቷ ነው። እኔ እንዳየችውም አላውቅም ነበር።

አገባቡስ? ፕሲኮሜትሪ ብቻ አጥንተው የሚገቡበት ቦታ አይደለም። አመልካቹ ሥራ ያቀርባል፤ ፎቶ ያነሣል፣ ታሪክ ይጽፋል፣ ከዚያ መምህራን ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ልጄ በመጀመሪያው ዓመት ወደቀች። እውነቱን ልንገርዎ፣ ልቤ በምስጢር ደስ አለው። «እንግዲህ ኮምፒዩተር ትማር ይሆናል» አልሁ። እሷ ግን አንድ ዓመት ሠርታ እንደገና አመለከተች። ለመጀመሪያው ጊዜ ያቀረበችው ታሪክ ስለ ቴል አቪቭ ወጣቶች ነበር፤ ለሁለተኛው ግን ሴት አያቷ በሥጋ ቀን ጠዋት ቢላዋ ስትስል የሚያሳይ ተከታታይ ፎቶ ወሰደች። ገባች።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር በደንብ ይወቁ፦ መንግሥት የሚደግፈው ማለት በነፃ ማለት አይደለም። የባህል ሚኒስቴር ለፊልም ትምህርት ቤቶች በጀት ይሰጣል፤ ለጋሾችም አሉ፤ ተማሪውም ይከፍላል። መንግሥት የሚከፍለው የሚታየው በዕቃው ነው። ካሜራው፣ መብራቱ፣ የድምፅ መሣሪያው፣ የመቀናበሪያው ክፍል አንድ ቤተሰብ ሊገዛው የሚችል አይደለም። ከመመዝገብዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ዲግሪ ነው ወይስ ዲፕሎማ የሚሰጠው? ሁሉም የፊልም ትምህርት ቤት እኩል አይደለምና፤ ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ውስጥ ያሉት ዲግሪ ይሰጣሉ፣ ሌሎቹን መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ ሚንሃል ሃስቱደንቲም ለዚያ ትምህርት ቤት ይከፍላል ወይ? ሦስተኛ፣ ከሠራዊት የወጣ ልጅ ያለውን ፒካዶን ለትምህርት ማዋል ይችላልና እንዳይበላ ቶሎ ይምከሩት። የእኔ ልጅ ግማሹን ለመንጃ ፈቃድ አውጥታው ነበር። ኋላ ግን ያ መንጃ ፈቃድ ጠቀማት፤ የፊልም ተማሪ ሥራው ግማሹ ዕቃ ማመላለስ ነው።

ትምህርቱን በሩቅ ሳየው ከአናጢነት ብዙም አይለይም። አንዱ የአንዱን ፊልም ያግዛል። በዚህ ሳምንት ዳይሬክተር የሆነችው በሚቀጥለው ሳምንት የጓደኛዋን ገመድ ትሸከማለች፣ ሳንድዊች ታድላለች። መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ በጥቂት ደቂቃ፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ ብቻ አሳዩ ይባላሉ። ቀላል ይመስላል፤ ይሞክሩት። ልጄ አንድ ሰው አውቶቡስ ሲያመልጠው ለማሳየት ሦስት ቀን ሠርታ፣ መምህሯ «ለምን ይሄ ሰው አውቶቡሱን እንደፈለገ አላወቅሁም» አላት። ማታ ስታለቅስ አገኘኋት። ጥሩ መምህር ነው አልሁ በልቤ። ለእሷ ግን አልነገርኋትም።

አንድ ቅሬታም አለኝ፤ ይጻፍ። ልጃችን ከመረጠችው ሁሉ ስለ «ማኅበረሰቡ» እንድትሠራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ከፈረንጁም ከእኛም። ክፍሏ ውስጥ ያለ የሌላ ሰው ልጅ ስለ ፍቅር፣ ስለ ውሻው ሲሠራ ማንም ምንም አይለውም። እሷ ስለ ፍቅር ስትጽፍ «የሲግዱስ ነገር?» ይሏታል። እኔም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበርሁ፤ ይቅር ትበለኝ።

በሦስተኛው ዓመት ግን ራሷ መጣች። «ሳባን ልቀርጸው ነው» አለችኝ። አባቴ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ፦ ሰንበት እንዳይነካ። ስለዚህ ማክሰኞና ረቡዕ ሆነ። በወላጆቼ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ አምስት ተማሪ፣ ሁለት መብራት፣ አንድ ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ ማይክሮፎን የታሠረበት ገባ። እናቴ ሰዎቹን ስታይ ሥራዋን ጀመረች። «ሥራ ላይ ነን፣ አንበላም» ቢሏት ማን ይሰማል? ቡናው ሦስት ጊዜ ተፈላ። የድምፁ ልጅ የሚፈላው ጀበና ድምፅ ቀረጻውን እያበላሸበት ነበር፣ ግን ደፍሮ መናገር አልቻለም።

ሥራው ሲያልቅ ያ ልጅ አንድ ነገር ለመነ፤ ሁሉም ሰው ለአንድ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ፣ ሳይናገር ይቀመጥ። የክፍሉን ዝምታ መቅዳት ነበረበት፤ ኋላ ንግግሩን ሲቆርጡና ሲቀጥሉ ከሥሩ የሚያነጥፉት ነው አሉ። ዝም አልን። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል። ደቂቃው ሲያበቃ አባቴ «ምን ሲሰሙ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ዝምታውን» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዋቂዎች ናቸው» አሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ ግን የአባቴን አማርኛ አትችለውም። የአባቴ ንግግር የጎንደር ነው፤ መካከሉ ላይ ግዕዝ ይገባል፣ ቅኔ ባይሆንም ሁለት ፍች ያለው ቃል ይወረውራሉ። በዕብራይስጥ የግርጌ ጽሑፉን፣ ክቱቪዮት የሚሉትን፣ የሚያወጣላት ሰው አስፈለጋት። «አባ፣ አራት ሰዓት ነው፤ ትረዳኛለህ?» አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጥሁ። ሕጉ ከባድ ነው፤ ከሁለት መስመር መብለጥ የለበትም፣ ሰው አንብቦ ሳይጨርስም ጽሑፉ መጥፋት የለበትም። አባቴ በአንድ ትንፋሽ የሚሉትን በስድስት ቃል መጨረስ አለብዎ። መምህር ለሆነ ሰው ጥሩ ቅጣት ነው።

በሦስተኛው ፋይል ላይ ደረስሁ። ልጄ «እዚህ አገር ስትደርስ የመጀመሪያው ቀን እንዴት ነበር ሳባ?» ትላቸዋለች። አባቴ ስለ ብርቱካን ይናገራሉ፣ ስለ ብርድ ይናገራሉ። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት የሄድንበትን ቀን አነሡ።

ያን ቀን አልረሳሁትም፤ የረሳሁት ለማስመሰል ግን አርባ ዓመት ሞክሬያለሁ። 14 ዓመቴ ነበር። ሦስት ወር ኡልፓን ተምሬ የቤታችን አስተርጓሚ እኔ ነበርሁ፤ ሐኪም ቤት እኔ፣ ባንክ እኔ፣ ትምህርት ቤት እኔ። እርስዎም ምናልባት እንደዚያ ነበሩ፤ ወይ ልጅዎ እንደዚያ ነበር። ፀሐፊዋ የአባቴን ስም ጠየቀች። ነገርኋት። «ይሄ ለመጥራት ይከብዳል» አለችና አንድ የዕብራይስጥ ስም አቀረበች። ለአባቴ ነገርኋቸው። አባቴ ቀስ ብለው «አባቴ ያወጣልኝን ስም አልለውጥም በላት» አሉኝ። ከኋላችን ሰልፉ እስከ በሩ ነበር። ፀሐፊዋ ሰዓቷን ታያለች። እኔም «በሴደር፣ እሺ ይላል» አልኋት። ጻፈችው። አባቴ እስከ ዛሬ በቴዑዳት ዜሁት ላይ በዚያ ስም ነው የሚጠሩ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

እኔ እስከዚያች ማታ ድረስ አባቴ ነገሩን የማያውቁ፣ ፀሐፊዋ አልሰማ ብላ የጻፈች የሚመስላቸው ይመስለኝ ነበር። በፊልሙ ላይ ግን አባቴ ወደ ልጄ ዞረው እንዲህ አሉ፦ «ዕብራይስጥ አልችልም ነበር። ‹በሴደር› የምትለዋን ግን አውቃት ነበር፤ ሁሉም የሚላት እሷን ስለነበር። ልጄ እሺ እንዳለ ሰማሁ። እኔ እንቢ ብል ልጄን በባዕድ ፊት ውሸታም ማድረጌ ነው። ስለዚህ ዝም አልሁ።»

ኮምፒዩተሩን አቆምሁ። ውኃ ጠጣሁ። ውድ አንባቢ፣ አልደብቅዎም፤ በመጀመሪያ የጻፍሁት የግርጌ ጽሑፍ «ፀሐፊዋ ስሜን ለወጠችው፤ ዝም አልሁ» የሚል ነበር። ሁለት መስመር ይበቃዋል፣ ሐሰትም አይደለም ብዬ ነው። ልጄ አማርኛውን አትይዘውም፣ መምህሮቿም አይችሉ፤ ማን ያውቅብኛል? ወጥቼ ሰገነቱ ላይ ቆምሁ። ተመልሼ አጠፋሁት። አባቴ ያሉትን እንዳሉት በሦስት ተከታታይ ጽሑፍ ከፋፍዬ አስገባሁት፤ «ልጄ እሺ እንዳለ ሰማሁ» የሚለውን ብቻውን።

ጠዋት ልጄ አነበበችው። ብዙ ጊዜ የምትለፈልፍ ልጅ ናት። «ስንት ዓመትህ ነበር?» ብቻ አለችኝ። «14» አልኋት። ወንድሟ 14 ዓመቱ ነው። ወደ ክፍሉ ዞራ አየች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ፊልሙ ከአራት ሰዓት ወደ 17 ደቂቃ ወረደ። በትምህርት ቤቱ ማሳያ ቀን አባቴን ነጭ ሻሻቸውን አሥረው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ እናቴን ጥበብ ለብሳ ይዘናቸው ሄድን። አዳራሹ ጨለመ። ያቺ ቦታ ስትደርስ እኔ መሬት መሬቱን ነበር የማይ። መጨረሻ ላይ የሠሩት ሰዎች ስም ሲወርድ የአባቴ ስም አባታቸው ያወጡላቸው ነው፤ በእኛው ፊደል፣ ከሥሩ በዕብራይስጥ። ይህን አላማከረችኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ እናቴ ተቆጥታ ነበር። «አራት ሰዓት ሙሉ ቡና ሳፈላ ውዬ አንዲት ሲኒ እንኳ አላሳየችም!» አለች። አባቴ ከፊት ከጎኔ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ዕብራይስጥ ማንበብ አይችሉም። ላትሩን ካለፍን በኋላ «ከታች የሚሄደውን ጽሑፍ አንተ ነህ የጻፍኸው?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

«እኔ ያልሁትን?»

«አንቱ ያላችሁትን።»

«‹በሴደር› ብለህ አይደለም?»

«አይደለም አባቴ።»

«ደግ» አሉ። ጥቂት ቆይተው መስኮቱን እንድዘጋላቸው ነገሩኝ፤ ነፋሱ በርዷቸው ነበር።